«ጎበዝ ልጅ መንገዱን አያጣም» ለሚለው ጽሑፍ ከደሴ የተላከ ምላሽ

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በመምህራን መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ርእሱ «ጎበዝ ልጅ መንገዱን አያጣም» የሚል ነው። ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም፤ በመምህርነትና በርእሰ መምህርነት ረጅም ዘመን ማገልገላቸውን ግን ነግረውናል፤ አነጋገራቸውም ይህንኑ ይመሰክራል። እኔ ደግሞ ደሴ ላይ በአንደኛ ደረጃ መምህርነት 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ታላቅን መሞገት ደስ የሚል ነገር አይደለም። ዝም ብል ግን በክፍሌ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ ሥራዋን ከሁሉ ቀድማ ጨርሳ፣ በመስኮት የጦሳን ተራራ የምታይ አንዲት ልጅ የከዳሁ ስለሚመስለኝ እጽፋለሁ።

ጽሑፉን ላላገኘው አንባቢ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። በአንዳንድ ክፍሎች ፈጥነው የሚማሩ ልጆች በየሳምንቱ የራሳቸውን የትምህርት ግብ በደብተር እንዲጽፉና እርምጃቸውን ራሳቸው እንዲከታተሉ መደረጉን ጸሐፊው አይወዱትም። ምክንያታቸው ስድስት ነው፦ ጎበዝ ልጅ ያለ ረዳት ይደርሳል፤ ግብ መጻፍ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው፤ ካርዱና ደረጃው በቂ መከታተያ ናቸው፤ ነገሩ ልጆቹን ያስጨንቃቸዋል፤ ብዙ ተማሪ የያዘ መምህር አይችለውም፤ ልጁ በእርግጥ ከእኩዮቹ ከበለጠም ክፍል አዝልሎ ማሳለፍ ይሻላል። በቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ፤ አንዳንዱ ብዙ የሚያናግር ስለሆነ ግን የምላሼ ርዝመት እኩል አይሆንም።

የመጀመሪያው ነጥባቸው የጽሑፉ ርእስ የሆነው ነው። «ቦርከና ማንም ሳይመራው ከደሴ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ጎበዝ ልጅም እንዲሁ ነው» ይላሉ። ምሳሌው ያምራል፤ ሁለታችንም ያደግንበት ወንዝ ነው። ነገር ግን ቦርከና ኮምቦልቻ የሚደርሰው ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ ነው። ቁልቁለቱ ይወስደዋል። ፈጣን ልጅም እንዲሁ ከተተወ የሚሄደው ወደሚቀለው ነው፤ የሚያውቀውን መልሶ ይሠራል፣ ይመሰገናል፣ እዚያው ይቆማል። ትምህርት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት እንደ መውጣት ነው። በዚያ ጠመዝማዛ የተጫነ መኪና ነድቶ የሚያውቅ ሰው፣ ማርሽ አቀያየር በሚገባ የሚለመደው ዳገቱ ላይ መሆኑን ይነግራችኋል።

የማልረሳው አንድ ልጅ አለ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ገና ሲደምሩ እሱ ያባዛ ነበር። ቤቱ ደብተር ከፍቶ አያውቅም፤ በየወሰነ ትምህርቱ አንደኛ ነበር። እኔም «ይህ ልጅ ምንም አያስፈልገውም» እያልኩ በኩራት ቀኑን ሙሉ ከሌሎቹ ጋር እውል ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ በአንድ ንባብ የማይገባ ሒሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ገጠመው። እናቱ ሰኞ ገበያ አግኝተውኝ «መምህር፣ ልጄን ምን ነካብኝ? የፈተና ወረቀቱን ይደብቅብኛል» አሉኝ። ልጁን አስጠርቼ ሳነጋግረው «ድሮ ጎበዝ ነበርኩ» አለኝ። ይህን ያለኝ የ13 ዓመት ልጅ ነው። ጉብዝና ማለት ሳይለፉ ማወቅ ነው ብሎ ያመነው ከእኔ ተምሮ ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ የማይችለውን ነገር አልሰጠሁትምና። እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

የኔ ልጅ ብቻውን አይደለም። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ልጆችን እንቆቅልሽ አሠርተው አንዳንዶቹን በብልህነታቸው፣ ሌሎቹን በጥረታቸው አመሰገኗቸው። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ሲመጣ በብልህነታቸው የተመሰገኑት ቶሎ ተሰላቹ፤ ከዚያ ወደ ቀላሉ ሲመለሱ እንኳ ውጤታቸው ከመጀመሪያው ዝቅ አለ። በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ከመጀመሪያው ተሻሻሉ። «መንገዱን አያጣም» እያልን ስንተዋቸው የምናድላቸው ያንን የመጀመሪያውን ዓይነት ምስጋና ነው።

ጸሐፊው በዚሁ ነጥብ ላይ «እርዳታው ለደካማው ይሁን» ይላሉ። አንዱን ለመርዳት ሌላውን መተው ግን የአገራችን የትምህርት ሐሳብ ሆኖ አያውቅም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማስቻልን ከዓላማዎቹ መካከል በግልጽ አስቀምጦ ነበር። ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጎን ለጎን ነው ያኖራቸው።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ አስገርሞኛል። «ግብ መጻፍና እርምጃ መቁጠር የፈረንጅ ልማድ ነው፤ አባቶቻችን ያለዚህ ተምረው ሊቅ ሆነዋል» ይላሉ። ወሎ ላይ ቆሞ ይህን ማለት ይከብዳል።

የቅኔ ቤቱን እናስብ። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ የተባለውን ረጅም ቅኔ አይዘርፍም። ባለ ሁለት ቤቱን፣ ማለትም ባለ ሁለት ስንኙን፣ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። እሱን ሲለምድ ወደ ባለ ሦስት ቤቶቹ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ይሸጋገራል፤ ከዚያ ባለ አምስት ቤት ዋዜማ፣ ባለ ስድስት ቤት ሥላሴ እያለ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ቀን ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፤ ሲመሽ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል። ዛሬ የት እንዳለ፣ ነገ የትኛውን እንደሚሞክር፣ እስከ የት እንደሚቀረው ከተማሪው የተሰወረ ነገር የለም። አብሮት የገባው ጓደኛው ገና ጉባኤ ቃና ላይ ቢሆን እሱን እየጠበቀ አይቆምም፤ ጓደኛውም ቀድሞት ስለሄደ አያፍርም። ሁሉም በየደረጃው ነው፤ የበሰለው ጀማሪውን ያስተምራል።

ቁርኣን ቤቱስ? አባቴ በልጅነቱ የተማረበት ሉህ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግሁት። ልጁ የዕለቱን ትምህርት በእንጨቷ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ያጠናል፣ ለሸኹ ያነባል። ሸኹ ካጸደቁለት ሉሁን አጥቦ አድርቆ ቀጣዩን ይጽፍበታል፤ ካላጸደቁለት ሳያጥብ ነገም በዚያው ይመለሳል። ከአጫጭሮቹ ሱራዎች ተነሥቶ ጁዝ በጁዝ፣ ማለትም ክፍል በክፍል፣ ሠላሳውን ዘልቆ እስኪያኸትም ድረስ እርምጃው በእጁ ላይ ነው። አባቴ ሉህ የማጠብን ደስታ ሲነግረኝ ፊቱ ይበራ ነበር። «የታጠበች ሉህ ማለት አንድ ነገር የእኔ ሆነ ማለት ነበር» ይለኝ ነበር።

ይህ ግብ ካልሆነ፣ ይህ መከታተል ካልሆነ፣ ምን ሊባል ነው? ከውጭ የመጣውስ 60 ልጆችን በአንድ ቀን፣ በአንድ ገጽ ላይ ማቆም ነው። በእኛ ቤት ሸኹም ሆኑ የኔታ ተማሪውን «የት ደረስክ?» ይሉት ነበር። እኛ የዘመናዊው ትምህርት ቤት መምህራን ጥያቄውን «ስንተኛ ወጣህ?» በሚል ለወጥነው። የግብ ደብተሩ የሚያደርገው የቀድሞውን ጥያቄ መመለስ ነው።

ከዚህ ወደ ሦስተኛው ነጥብ እገባለሁ፤ ምክንያቱም ተያያዥ ነው። «አንደኛ የወጣ ልጅ ሌላ ምን ይከታተል? ካርዱ ይበቃል» ይላሉ። ደረጃ ስለ ልጁ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው፤ የሚናገረው አጠገቡ ስለተቀመጡት ልጆች ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ቁጥር ከ1,000 በላይ ነበር። ያን ዜና ስሰማ ያሰብኩት ስለ ውድቀቱ መጠን ብቻ አልነበረም። በእነዚያ ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች፣ በእያንዳንዱ ክፍል አንደኛ የወጣ ልጅ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በወላጆች ቀን የተጨበጨበለት፣ ደብተርና እስክሪብቶ የተሸለመ፣ ካርዱ ላይ በየዓመቱ «1ኛ» የተጻፈለት ልጅ። 12 ዓመት ሙሉ ማንም የት እንዳለ አልነገረውም። የነገርነው ከጎረቤቱ እንደሚቀድም ብቻ ነው። እኔ ከዚህ የከፋ ክህደት አላውቅም፤ ክህደቱን የፈጸምነውም በጭብጨባ ነው።

ካርድ የሚደብቀው ሌላም ነገር አለ። አማካይ 94 ያላት ልጅ ምን እንደማታውቅ 94 የሚለው ቁጥር አይነግረንም። በ2016 ዓ.ም. አራተኛ ክፍል እኔ ዘንድ የነበረች አንዲት ልጅ በንባብ የሚስተካከላት አልነበረም። የዓመቱ መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ስለ ራሳቸው የሚሞሉት አንድ ገጽ አለ፤ እያንዳንዱ ችሎታ አጠገብ «እችላለሁ»፣ «ገና» ወይም «ለሌላ ማስረዳት እችላለሁ» ብለው ይጽፋሉ። እሷ በመበደር መቀነስ ላይ «ገና» ብላ ጻፈች። አላመንኳትም። 403 ሲቀነስ 178 ብዬ ሰጠኋት፤ 225 ብላ በትክክል መለሰች። እንዴት እንዳገኘችው ስጠይቃት ከ178 ጀምራ ከጠረጴዛ ሥር በጣቶቿ ወደ ላይ ስትቆጥር እንደነበረ ነገረችኝ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ቤተሰቧ ከከተማ ወጥቶ ነበር። ስትመለስ ክፍሉ ወደ ሌላ ርእስ አልፎ ነበር፤ ፈጣን ስለሆነች ደግሞ ጉድለቷን በራሷ ዘዴ ሸፈነችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀም፤ ካርዷ ላይ ያለው ቁጥር ያማረ ነበርና። ግቧን «ሳልቆጥር፣ ተበድሬ መቀነስ» ብላ ጻፈች፤ በዘጠኝ ቀን ጨረሰችው።

በሁለቱም ከተሞች ያን ወቅት ያሳለፉ ልጆች ብዙ ናቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። እያንዳንዱ ልጅ የቀረበት ነገር የተለያየ ነው። ደካማ የተባለው ልጅ ክፍተቱ ስለሚታይ ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጠዋል። የፈጣኑ ልጅ ክፍተት የሚታየው ግን እሱ ራሱ እንዲያየውና እንዲናገረው ዕድል ስንሰጠው ነው።

በአራተኛው ነጥብ፣ ማለትም በጭንቀቱ ጉዳይ፣ ጸሐፊው የተናገሩት ውስጥ እውነት አለ፤ አልክድም። ግቤን አልደረስኩም ብላ ገጹን ከደብተሯ ቀድዳ የጣለች ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። የቀደደችውን ገጽ ከወለሉ አንሥቼ ሳነበው ግን «100 ከ100 ማምጣት» ይላል፤ ያጻፏትም አባቷ ነበሩ። ይህ የትምህርት ግብ አልነበረም፤ የውጤት ግብ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላት ልጅ በፈተና ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚመጣ አታዝዝም፤ ዛሬ ምን እንደምትሞክር ግን ታዝዛለች። ስለዚህ በክፍሌ ሦስት ነገር ደንግጌአለሁ፦ ግቡን የሚጽፈው ልጁ ራሱ ነው፤ ቁጥሩ የራሱ እንጂ ከሌላ ልጅ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ያልተደረሰበት ግብ ደግሞ «ገና» ተብሎ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይሻገራል እንጂ በቀይ አይሰረዝም።

ግቡ ቅርብ መሆኑም ያሳርፋል። አልበርት ባንዱራና ዴል ሹንክ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት መቀነስ የሚቸግራቸውን ልጆች 42 ገጽ መልመጃ በሰባት ክፍለ ጊዜ እንዲሠሩ ሰጧቸው። አንዱን ቡድን «በየክፍለ ጊዜው ስድስት ገጽ» አሏቸው፤ ሌላውን «በመጨረሻ 42ቱን መጨረስ» አሏቸው። ሥራው አንድ ነው፤ አከፋፈሉ ብቻ ይለያል። ቅርቡን ግብ የያዙት በችሎታም፣ በራስ በመተማመንም፣ ለሒሳብ ባላቸው ፍቅርም በለጡ። እነዚያ ልጆች በሒሳብ ወደ ኋላ የቀሩ እንጂ ፈጣኖች አልነበሩም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። እኔ ያየሁት ግን ፈጣኑ ልጅ ይበልጥ ቅርብ ግብ የሚያስፈልገው መሆኑን ነው፤ ሕልሙ ሰፊ ስለሆነ ዛሬ የሚጀምርበትን ቦታ ያጣዋል።

አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ «ሳይንቲስት መሆን» ብሎ ጻፈ። መልካም ነው፣ በዚህ ሳምንትስ? አልኩት። ብዙ ካሰበ በኋላ የበልግ ዝናብን ለአራት ሳምንት መለካት ብሎ ጻፈ። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጦ፣ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር ምልክት አድርጎበት፣ ቤታቸው ግቢ አቆመው። በየጧቱ እየለካ በሒሳብ ደብተሩ ካሬዎች ላይ ያቀልም ነበር። አምስት ቀን ረሳ። ባዶዎቹን ቦታዎች በግምት ሊሞላቸው ፈለገ፤ ሥዕሉ ሙሉ ሆኖ እንዲያምር። «አልለካሁም» ብለህ ጻፍ አልኩት። ተቆጣ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሁልጊዜ ሙሉ ውጤት ለለመደ ልጅ ባዶ ካሬ ማሳየት ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ጻፈው። ከዚያ በታች ማንም ሳያዝዘው አንድ መስመር ጨመረ፤ «ከዚህ በኋላ እህቴ ታስታውሰኛለች» ይላል። ጸሐፊው የሚፈሩት ጭንቀት ያደገው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ልጁ ጉድለቱን የሚያሳይበት ቦታ ባጣባቸው ዓመታት ነው። ያቺ «አልለካሁም» የምትል ገጽ ለእሱ እረፍት ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ሲሳሳት እጁን አውጥቶ ይናገራል።

«ልጅነታቸውን ይነጥቃል» ለሚለው ባጭሩ፦ ሰኞ አሥር ደቂቃ፣ አርብ አሥር ደቂቃ፤ የቤት ሥራ የለውም።

አምስተኛው የተማሪ ብዛት ነው። «60 እና 70 ልጅ የያዘ መምህር የእያንዳንዱን ግብ እንዴት ይከታተላል?» በዚህ ላይ የጸሐፊው ድምፅ የመምህራን ሁሉ ድምፅ ነው፤ የኔም ክፍል 58 ልጆች አሉት፤ ሦስት ሆነው የሚቀመጡበት ወንበር አለ። መምህሩ 58 እቅድ ማውጣት አይችልም። የሚከታተለው ልጁ ራሱ መሆን ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ለሚፈልግ መምህር ይጠቅም ይሆናል።

አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ለዓመት ይበቃል። ሰኞ ልጁ ሦስት መስመር ይጽፋል፦ እስካሁን የማልችለው፣ በዚህ ሳምንት የምሞክረው፣ መቻሌን የማውቅበት። ሦስተኛዋ መስመር ከባዷ ናት፤ መጀመሪያ ላይ ሁሉም «አጠናለሁ» ብለው ይጽፋሉ። «ማጥናትህን ሳይሆን መቻልህን እኔ በምን አያለሁ?» እያልኩ ደጋግሜ እመልሳቸዋለሁ። አንድ ወር ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ «ሳላይ ለአጠገቤ ልጅ እነግራለሁ»፣ «አምስት ዐረፍተ ነገር ያለ ፊደል ስሕተት እጽፋለሁ» የሚሉ መስመሮች ይመጣሉ። አርብ ማስረጃውን ያያይዛሉ፤ የሠሩትን ሒሳብ፣ የጻፉትን አንቀጽ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ልጆች የአንዳቸውን ማስረጃ ሌላው ያያል። እኔ በየአርቡ 12 ደብተር ብቻ አነባለሁ፤ በአምስት ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል።

ለፈጣኖቹ አንድ ነገር እጨምራለሁ። አዲስ ምዕራፍ ስጀምር ከመልመጃው መጨረሻ አምስቱን ከባድ ጥያቄዎች አስቀድሜ እሰጣለሁ። አራቱን በትክክል ከነመንገዱ የሠራ ልጅ የቀረውን መልመጃ አይሠራም፤ ጊዜው ለራሱ ግብ ይሆናል። ይህ የሚያስፈራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሳሊ ሪስና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ ባካሄዱት ጥናት መምህራን ለፈጣን ተማሪዎቻቸው ከመደበኛው ትምህርት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ቢቀንሱላቸውም የፈተና ውጤታቸው አልወረደም። ግማሽ ዓመት ያህል ጊዜ ማለት ነው። ያ ጊዜ በእኛ ክፍሎች ውስጥ አሁን በመስኮት ጦሳን በማየት ያልፋል።

ደብተሩን የያዙት ደግሞ ጎበዝ የተባሉት ብቻ አይደሉም፤ ሃምሳ ስምንቱም ይዘውታል። በዚህም ምክንያት ያላወቅናቸውን ጎበዞች አገኘሁ። ከትምህርት በኋላ ፒያሳ ጫማ የሚጠርግ ልጅ በደረጃ 23ኛ ነበር። የደብተሩን ገጾች ተራ በተራ ስገልጥ ሌሎች በሦስት ሳምንት የሚደርሱበትን እሱ በአንድ ሳምንት እየደረሰ፣ ሥራ በበዛበት ሳምንት ብቻ እንደሚቆም አየሁ። ደረጃው የሚነግረኝ የድካሙን ልክ ነበር፤ የእርምጃው ፍጥነት የተጻፈው ደብተሩ ላይ ነበር።

ስድስተኛው፣ ክፍል አዝልሎ ማሳለፍ የሚለው፣ የሚያጣላን አይመስለኝም። በደንብ ተጠንቶ ሲደረግ ለአንዳንድ ልጅ ጥሩ ነው፤ በሌላው ዓለም የተደረጉ ጥናቶችም በአብዛኛው ይደግፉታል። ነገር ግን ከአራተኛ ወደ ስድስተኛ የዘለለ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ሲደርስም ቀድሞ መጨረሱ አይቀርም፤ ክልላዊ ፈተናም ይጠብቀዋል፤ ያለፈው የአምስተኛ ክፍል ትምህርት ውስጥ የቱን እንደሚያውቅና የቱን እንደማያውቅ መዝግቦ የያዘ ሰው ግን የለም። ዘለለም አልዘለለም ደብተሩ ያስፈልገዋል።

ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ለእርስዎ ነው። መግቢያው ላይ ያነሣኋት፣ ከኋላ ወንበር የምትቀመጠዋ ልጅ አምስተኛ ክፍል ናት። ከሦስት ሰባተኛና ከአራት ዘጠነኛ የትኛው ይበልጣል ብዬ ስጠይቅ ወዲያው አራት ዘጠነኛ አለች። ለምን? ስላት ሦስትን በዘጠኝ 27፣ አራትን በሰባት 28 አለችኝ። 27ና 28 ምንድን ናቸው? ስላት ዝም አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች ብል ይቀለኛል። በዚያ ሰኞ ግቧ «27ና 28 ምን እንደሆኑ ማወቅ» ሆነ። ሁለት ሳምንት «ገና» እያለች አሻገረችው። በሦስተኛው ሳምንት በሒሳብ ደብተሯ ላይ ወደ ጎን ሰባት፣ ወደ ታች ዘጠኝ ካሬ ያለው አራት ማዕዘን ሠርታ መጣች፤ በጠቅላላው 63 ካሬ። ሦስቱን ዓምድ በሰማያዊ ቀባችና ቆጠረቻቸው፤ 27። በሌላው ሥዕል አራቱን ረድፍ በቀይ ቀባች፤ 28። ሮጣ ነው ያሳየችኝ።

ለዚህ ሳምንት የጻፈችው ግብ «ይህን በክፍላችን ውስጥ ላልሆነ ሰው ማስረዳት» የሚል ነው። መቻሏን የምታውቅበት መስመር ላይ ደግሞ «ሰውየው መልሶ ሲነግረኝ» ብላለች። ሰውየው ገና አልተገኘም። ደብተሮቹ የሚከፈቱት አርብ ረፋድ፣ ከጁምዓ ሰላት በፊት ባለው የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ነው። ከኮምቦልቻ በጧት ከተነሡ ይደርሳሉ፤ ከፊት ለፊት ወንበር ይዤ እጠብቅዎታለሁ።